አንጎል የላከው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አይደርስም፦ ስለ ኢኢጂ ምርመራ

(ምስል፦ ሀዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ጠዋት። ተራኪው ወደ ካሜራው ያያል።)

ጤና ይስጥልኝ! ብዙ ቤተሰብ ግራ ስለሚያጋባ አንድ ነገር ላውራችሁ። ልጁ ዓይናችሁ እያየ ወድቆ ተንቀጥቅጧል። የኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚቀርጸው ምርመራ፣ ውጤቱ ግን «ደህና ነው» ይላል። እንዴት ይሆናል?

(ምስል፦ የጭንቅላት ሥዕል፤ ንብርብሮቹ በቀለም ተለይተው።)

ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ትንሽ ብረት፣ የሚለጠፈው ቆዳ ላይ ነው። ከአንጎል የተነሳው ኤሌክትሪክ እዚያ እስኪደርስ ጨዋማውን የአንጎል ፈሳሽ፣ አጥንቱንና የራስ ቆዳውን ያልፋል። ፈሳሹ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያሳልፍ ወደ ጎን ይበትነዋል። አጥንቱ ደግሞ ያግደዋል። ቆዳው ላይ የሚደርሰው በአብዛኛው ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ነው። ማይክሮቮልት የ1 ቮልት ሚሊዮንኛ ነው።

መድከሙ ብቻ ቢሆን ማሽኑ ያጎላዋል። የባሰው መደብዘዙ ነው። ማታ መጋረጃ ጀርባ መብራት ሲበራ መብራቱን ታያላችሁ፤ አምፖሉ የቱ ጋ እንደተሰቀለ ግን መለየት ያስቸግራል። ኢኢጂም እንደዚያ ነው።

የአንጎል እጥፋትም አለ። ፊት ለፊት የሚተያዩ የእጥፋት ግድግዳዎች አብረው ሲሠሩ ኤሌክትሪካቸው ይጣፋል። ውጭ የሚታየው በርካታ ካሬ ሴንቲሜትር የሚሸፍን የአንጎል ገጽ አንድ ላይ ሲሠራ ነው። ከጥልቅ ወይም ከትንሽ ቦታ የሚነሳ ብልጭታ ላይታይ ይችላል። በዚያ ላይ ቀረጻው አጭር ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ «ደህና ነው» ስለተባለ ብቻ ሐኪም ሳታማክሩ መድኃኒት እንዳታቋርጡ!

(ምስል፦ የራስ ቅል፣ ከጎን።)

አጥንቱ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከጆሮ በላይ ስስ ነው። የጨቅላ እርግብግቢት ደግሞ ገና አልገጠመም። አጥንቱ በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ሰው ላይ በዚያ ቦታ ሞገዱ ጎላ፣ ሾል ብሎ ይወጣል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርጽ፣ ከቀደሙት ተመርማሪዎቹ መካከል የራስ ቅላቸው አጥንት የጎደለ ሰዎች ነበሩ።

(ምስል፦ የተሠራ ሹሩባ፣ ከቅርብ።)

ፀጉርን አትናቁት። ኤሌክትሮዱ ቆዳውን በደንብ ካልነካ ቀረጻው ይበላሻል። ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ ሀዋሳ ድረስ ለምርመራ የምትመጡ ከሆነ ሹሩባው እዚያው ቤት ይፈታ። ፀጉሩ በሳሙና ይታጠብ። ቅቤም ቅባትም አይቀባ። ደክሟችሁ ደርሳችሁ «ታጥባችሁ ተመለሱ» መባል ያሳዝናል።

ተራችሁ ሲደርስ ጥርሳችሁን አትንከሱ። የጡንቻ ኤሌክትሪክ ከአንጎል ሞገድ በላይ ይጮኻል። የዓይን ርግብግብታም ይገባበታል፤ ባለሙያው ክፈቱ፣ ጨፍኑ ሲላችሁ ብቻ አድርጉ።

የራስ ቀዶ ሕክምና ወይም የራስ ቅል ስብራት የነበረበት ሰው ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሮዱ ከመለጠፉ በፊት ተናገሩ። የቱ ጋ እንደሆነም በእጃችሁ አሳዩ። ያ ካልተመዘገበ የጎላው ሞገድ በሽታ ተብሎ ሊነበብ ይችላል።