ገበሬው ራሱ የሚጠግነው

አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ጸሎቱን አባታችን አድርሰውልናል፣ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ከሦስት ዓመት በፊት መቂ አካባቢ ለአንድ የገበሬዎች ቡድን በነዳጅ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ገዝተን ሰጠን። ርክክቡ ላይ እልል ተብሎ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ዕቃ ተሰበረ። መለዋወጫው መቂ የለም፣ አዲስ አበባም ተፈልጎ ታጣ፣ ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ደርቆ ቀረ። አምና ስሄድ ፓምፑ ጓሮ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አደራ ስለሆነባቸው አቧራ እንኳን አላስነኩትም። አንጀቴን በላኝ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል ብለን ሳንጠይቅ የሰጠነው እኛ ነን።

እዚያው መንደር፣ ሁለት ቤት አልፎ፣ በገመድ የሚሠራ ፓምፕ አየሁ። ገመዱ ላይ ክብ የጎማ ቁራጮች ተደርድረዋል። እጀታውን ስታዞሩት በቱቦው ውስጥ ውሃውን እየገፉ ያወጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ገመዱ ሲበጠስ ባለቤቱ ከገበያ ሌላ ይገዛል፣ ክቦቹን ከአሮጌ የመኪና ጎማ በቢላ ይቆርጣል፣ በዚያው ቀን ውሃ ይቀዳል። በጣም ጥልቅ ጉድጓድ አይሆንለትም፣ ሰፊ ማሳም አያጠጣም። ለጓሮ ቲማቲምና ጎመን ግን ይበቃል።

የእህሉ ነገር ደግሞ ከውሃው ይብሳል። በቆሎው ኅዳር ላይ ይሰበሰባል፣ ገበሬው ነቀዙን ስለሚፈራ ቶሎ ይሸጣል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል፣ ሐምሌ ላይ ያንኑ በቆሎ ተበድሮ በውድ ይገዛል። ሳይሸጥ ያስቀመጠው የነቀዝ ኪኒን ይጨምርበታል፣ ያውም ልጆች በሚተኙበት ቤት። ከኪኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። የዮሴፍን ታሪክ፣ የጥጋቡን ዓመት እህል ለረሃቡ ዓመት እንዳቆየው፣ ከልጅነታችን ስንሰማ አድገናል። እህል ማቆየት መቻል ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ በደንብ የገባኝ ግን እዚያ ቤት ተቀምጬ ነው።

ፒክስ የሚባለውን ከረጢት የምንደግፈው ለዚህ ነው። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ለጥራጥሬ ብለው ጀመሩት፣ ዛሬ ለበቆሎም ይውላል። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጪው የምናውቀው ማዳበሪያ ነው። 100 ኪሎ ይይዛል። አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ ላስቲኮቹ ለየብቻ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ፣ ነቀዙ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርስና ይሞታል። ምንም መድኃኒት የለውም። እህሉ በደንብ ካልደረቀ ግን ይሻግታል። እናቶች የሚፈትኑት እንዲህ ነው፦ እህሉን ከደረቅ ጨው ጋር ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩና ይንጡታል፣ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ገና ነው፣ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ዛሬ በጀት ላይ እንነጋገራለን። የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ትልልቅ ማሽን መግዛት ይቅር፣ ገንዘቡ እዚያው ያሉ በያጆች የገመድ ፓምፕ መሥራት እንዲማሩ ይዋል። ከረጢቱንም በነፃ አናድል። በነፃ ስናድል ከረጢት የሚሸጠው የአካባቢው ነጋዴ ይዘጋል፣ እኛ ስንወጣ ከረጢቱም አብሮ ይጠፋል። ገበሬው ግማሹን ይክፈል፣ አሁን የሌለው እህሉ ሲሸጥ ይክፈል። ይህ ጭካኔ የሚመስላችሁ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ በደንብ እንከራከርበት። ቤተ ክርስቲያን ይሳም መስጊድ ይሂድ እንደማንጠይቅ ግን ለክርክር አይቀርብም፣ ከመጀመሪያም እንዲያ ነው የጀመርነው።

ከፊት የተቀመጡት እናታችን በሌሊት ተነስተው ከመቂ መጥተዋል። ከቤታቸው አንድ ከረጢት በቆሎ አስጭነው አምጥተዋል፣ ኅዳር ላይ ከታሰረ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። እዚሁ በፊታችን ሊፈቱት ነው። እማማ፣ ይምጡ። ወጣቶች፣ ከረጢቱን አግዟቸው።