መልሱን ከግድግዳው ላይ አንሡልን
(በወጣት ሠዓልያን ዐውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ሠዓልያን፣ ዐውደ ርዕይ የምታሰናዱ ኩሬተሮች፣ እንግዶቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ።

ምስጋናውን የመድረክ መሪው ስላደረሰልኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የመጣሁት ከሥዕል አጠገብ ስለምትለጠፈው ነጭ መግለጫ ካርድ አቤት ልል ነው።

የሠዓሊ ኤልያስ ስሜን «ታይትሮፕ» የተሰኙ ሥራዎች ከመካከላችሁ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ዕቃው ከመርካቶ የተለቀመ ነው፤ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ። ሽቦው እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ ተጠጋግቶም ጣውላ ላይ ይመታል። ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሲያዩት ከአውሮፕላን መስኮት የታየ ማሳ ይመስላል፤ ጤፉ እዚህ፣ ኑጉ እዚያ፣ ወንዙ በመካከል። ጠጋ ሲሉት ማሳው የለም፤ ሽቦ ብቻ። ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ ሽቦ መሆኑን እያወቁ እንኳ፣ ማሳው ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ተአምር አይደለም፤ በሜትር ይለካል። ጤነኛ ዓይን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ለማየት የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ስፋት ይፈልጋል። ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሽቦዎች ከ3.4 ሜትር ግድም በኋላ ይዋሐዳሉ። ባለ 2 ሚሊ ሜትሮቹ ወደ 7 ሜትር ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ 4 ሜትር በማይሞላ ክፍል የሰቀለ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሰቀለው።

አሁን ካርዱን አምጡት። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ለማንበብ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ላይ መቆም ግድ ነው። ተመልካቹ ከበሩ በቀጥታ ወደ ካርዱ ይሄዳል፤ ማሳውን ሳያይ ሽቦው ላይ ይደርሳል። እዚያም «ሠዓሊው የቴክኖሎጂንና የተፈጥሮን ግጭት ያሳየናል» የሚል ዓይነት ነገር ያነባል። ቀና ይላል፣ እውነት ነው ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያልፋል። ይህ ሰው ሥዕል አላየም፤ የፈተና ወረቀት አርሞ ሄደ!

ኩሬተሮች «ሕዝቡ ካልተብራራለት አይገባውም» ትሉናላችሁ። የትኛው ሕዝብ? አንዲት ስንኝ ሰምቶ ሁለት ትርጉም አውጥቶ የሚስቀው ሕዝብ ነው የማይገባው? ለጆሮው ያመናችሁትን ሰው ለዓይኑ ሲሆን ስለምን ትጠራጠሩታላችሁ?

በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ባለ ሥዕል ፊት ሁሉ «ሰምና ወርቅ» ማለት ልማድ ሆኗል። አልስማማም። ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፤ አንዱ የሚጣል ነው። እዚህ የሚጣል የለም። ለዚህ ይበልጥ የሚቀርበው የቅኔው ኅብር ነው፤ አንዲት ቃል ሁለቱንም ትርጉም ሳትከፈል ትይዛለች። ኅብር ቀለም ማለትም ነውና ለእኛ ሙያ ይስማማል።

ወደ ወጣቶቹ ልዙር። አሻሚ ሥዕል ግልጽ ካልሆነ ሥዕል ይለያል፤ ይህን የምታምታቱ አላችሁ። ዴንማርካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኤድጋር ሩቢን በ1915 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የማሰሮና የሁለት ፊት ምስል አስታውሱ። የጠርዙ መስመር አንድ ነው፤ ማሰሮውም ፊቶቹም ይሻሙበታል። ፊቶቹ ላይ ዓይን ብትጨምሩ ማሰሮው ይሞታል። መሐሉን በጣም ብታጠቡት ደግሞ ጠባቡ ቦታ ቅርጽ ሆኖ ይወጣና ፊቶቹ ወደ ጀርባ ይሸሻሉ። ሚዛኑ የሚጠበቀው በሚሊ ሜትር ነው።

አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ሌላ መንገድ ይዛለች። በአሜሪካ፣ በሚዙሪዋ ፈርጉሰን ከተማ ከነበረው ተቃውሞ የዜና ፎቶግራፍ ተነሥታ በ2016 እ.ኤ.አ. የሠራችውን ሥራ ውሰዱ። ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ይደበዝዛል፤ ከዚያ በኤርብረሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ መሣሪያ፣ ሸራው ላይ ይረጫል፤ በላዩ ጥቁር ምልክቶች ይመጣሉ። ሰው አታዩም፤ የሆነ ነገር እንደደረሰ ግን ሰውነታችሁ ያውቃል። ይህን የምትሞክሩ፣ ማደብዘዙ ካነሰ ተመልካች በአንድ ሰከንድ ፎቶውን ያውቅና ይጨርሳል፤ ከበዛ ጉም ብቻ ይቀራል። ሥራውን ላላየው ሰው ከ1፣ ከ3 እና ከ6 ሜትር አሳዩት። ሦስቴም ያንኑ አየሁ ካላችሁ አሻሚነት የለም፤ ሦስቴም ትከሻውን ከነቀነቀ ሥዕል የለም።

መብራቱን በአጭሩ፦ አምፖሉ ከቁልቁል መስመሩ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል። ግድግዳውን ታክኮ ከበራ የሽቦው ጥላ ይረዝምና ማሳው ገደል ይሆናል። ስልክ ደግሞ ሩቁንም ቅርቡንም በአንዲት መዳፍ ልክ ስለሚጨፈልቅ፣ ካታሎግ ላይ ከሩቅ የተነሣና ከቅርብ የተነሣ ሁለት ፎቶ አድርጉ።

ካርዱ ላይ ስም፣ ርእስ፣ ዓመት፣ ዕቃ፤ አራት ነገር ይበቃል። ማብራሪያ ያላችሁ በመውጫው በር ጠረጴዛ ላይ አኑሩት፤ የፈለገ አንብቦ ተመልሶ ይግባ።

የዛሬዎቹን ካርዶች ስገባ አይቻቸዋለሁ። ማጣበቂያቸው ገና አልደረቀም፤ በሩ ለሕዝብ እስኪከፈት ደግሞ ሩብ ሰዓት ይቀረናል። መሰላል አያስፈልግም፤ በእጅ ይደረሳል።