ስድስት ባትሪ በአንድ ቻርጀር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ከደሴ ነው የማወራችሁ። ዛሬ የማነሳው ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለ ነገር ነው፤ ከላፕቶፕ የወጡ ብዙ ባትሪዎችን በአንዴ የሚሞላ ቻርጀር።

ለምን መሰላችሁ? እዚህ ኮምፒውተር የሚማሩ ብዙ ልጆች የሚይዙት ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው ከሥሩ ተነቅሎ የሚወጣው ዓይነት። መብራት ሲሄድ ትምህርቱ ይቆማል። ሲመጣ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይታወቅም። በዚያች ሰዓት ውስጥ የተቻለውን ያህል ባትሪ መሙላት አለብን። የእኔ ንድፍ መነሻው ይቺው ሰዓት ናት።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ባትሪዎቹን ሁሉ በትይዩ አገናኝቶ አንድ ትልቅ አዳፕተር መስጠት ነው። እባካችሁ፣ ይህን በፍጹም አታድርጉ። ሙሉ ጀሪካንና ባዶ ጀሪካን ከሥር በቱቦ ብታገናኙ ውኃው ወደ ባዶው ይሮጣል አይደል? 12.6 ቮልት ላይ ያለው ባትሪም 9 ቮልት ላይ ወዳለው እንዲሁ ይገለበጣል። ባትሪው ውስጥ ያለው የመከላከያ ሰርኪዩት ፈጥኖ ካልቆረጠው ሴሎቹ፣ ማለትም ውስጡ የተደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች፣ ይግላሉ፤ ሊቲየም ደግሞ ሲብስበት ይቀጣጠላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ባትሪ የራሱ መስመር። የተለመደው ባለ 6 ሴል ባትሪ ላዩ ላይ 10.8 ወይም 11.1 ቮልት ይጻፍበታል፤ ሲሞላ 12.6 ይደርሳል። መጀመሪያ በቋሚ ከረንት ይሞላል፣ እንበል በ2 አምፔር። 12.6 ሲነካ ቮልቴጁ እዚያው ይቆምና ከረንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ጊዜ የሚበላው ይሄ ሁለተኛው ክፍል ነው። 4400 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ግማሽ ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ የመጨረሻዋን ጥቂት ለመሙላት ግን ሌላ ሰዓት ያህል ያስጠብቃችኋል።

እዚህ ላይ አቋም ይዣለሁ። በእኛ ሁኔታ ሁለቱ ጢም ብለው አራቱ ባዶ ከሚቀሩ፣ ስድስቱም 80 በመቶ ቢደርሱ ይሻላል። እንዲያውም እያንዳንዱን ሴል 4.2 ቮልት (ሦስት ጥንድ ሴል ተቀጥሎ ነው 12.6 የሚሆነው) ሳናደርስ 4.1 ላይ ብናቆመው የሚቀርብን አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ዕድሜው ግን በጣም ይረዝማል። ላገለገለ ባትሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኃይሉ አያስቸግርም፤ ለአንዱ 25 ዋት፣ ለስድስቱ 150፣ ብክነቱ ሲጨመር 170 አካባቢ። ባለ 90 ዋት ሁለት አሮጌ አዳፕተሮች ሦስት ሦስት መስመር ይዘው ይችሉታል።

ከባዱ ከባትሪው ጋር መነጋገሩ ነው። ውስጡ ያለችው ቺፕ የምትፈልገውን ቮልትና ከረንት፣ ሙቀቱንም ጭምር በሁለት ሽቦ ትናገራለች። ደንቡን ያወጡት ባትሪ ሠሪው ዱራሴልና ቺፕ ሠሪው ኢንቴል ናቸው፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ። በዚያ ደንብ የሁሉም ባትሪ አድራሻ አንድ ነው፣ 11። ላፕቶፕ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ባትሪ ስለሆነ ችግር የለውም። ስድስቱን በእነዚያው ሁለት ሽቦዎች ላይ ስትሰቅሏቸው ግን አንዱን ስትጠሩ ስድስቱም «አቤት» ይላሉ። ስለዚህ ተራ በተራ የሚያገናኝ መቀያየሪያ ቺፕ መሃል መግባት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከላፕቶፑ የወጣውን ባትሪ በቴስተር ለክታችሁ ዜሮ ካሳየ፣ ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። ብዙዎቹ አንዷ ፒን ከኔጌቲቩ ጋር ካልተገናኘች ኃይል አይለቁም። በእውነት የሞተው ሌላ ነው። ሴሉ ከ2.5 ቮልት ወርዶ ለወራት ከተቀመጠ ውስጡ ያለው መዳብ ሊሟሟ ይችላል፤ ሲሞላ ተመልሶ ይጋገርና ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ያለውን በግድ ቀስቅሰው የሚመልሱ ሠራተኞች አሉ። እኔ አልስማማም። ያ ባትሪ የሚያድረው ልጆች በተኙበት ክፍል ውስጥ ነው። ቻርጀሩ በትንሽ ከረንት ይሞክረው፤ ሴሉ 3 ቮልት አልደርስ ካለ «አልሞላህም» ብሎ ቀይ መብራት ያብራ።

«ደሴ ብርድ ነው፣ ሙቀት ምን ያሰጋል?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ግን ከባሕር ጠለል ከ2400 ሜትር በላይ ነን፤ አየራችን ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው ሙቀት የማውጣት አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ አየሩ ወፈር ይላል፣ ቀኑ ደግሞ ይሞቃል። ስለዚህ በየባትሪው ላይ ሙቀት መለኪያ ይኖራል፤ 45 ዲግሪ ሲደርስ መስመሩ ይቆረጣል። ሳጥኑ ከቆርቆሮ፣ ባትሪዎቹ ሳይነካኩ፣ በየመስመሩ ፊውዝ።

አሁን የማሰላስለው የተራውን ጉዳይ ነው። አንዱ አዳፕተር ቢበላሽና ኃይሉ ባይበቃ ማን ይቅደም? እኔ በጣም የወረደው ይቅደም ባይ ነኝ፤ ቶሎ የሚሞላውም በዚያ ጊዜ ነውና። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማሩ ልጆች፣ ከዚህ የተሻለ ስሌት ካላችሁ ላኩልኝ፤ ሳጥኑ ሳይበየድ ብትደርሱልኝ ደስ ይለኛል።