ጭቃው ገና አልቦካም

እሷ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ባለፈው ስለ ክረምት የበጎ ፈቃድ ጉዞ ጀምረን ሰዓቱ አለቀብን። አንተ ደግሞ "የቤቱን ነገር ሌላ ቀን እነግርሻለሁ" ብለህ ነበር።

እሱ፦ ብያለሁ። 2009 ክረምት ነው። 3ኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። 24 ሆነን ለ10 ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሄድን። የምናድረው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፣ ዴስኩን ገፍተን ፍራሽ አንጥፈን። አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። ለልጆች ማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን፤ ዋናው ሥራችን ግን የአንዲት እናት ቤት ማደስ ነበር።

እሷ፦ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት?

እሱ፦ ከልጅ ልጃቸው ጋር። የሣር ክዳኑ በስብሷል፣ ግድግዳው ተቦርቡሯል። ዕቅዱን ከአዲስ አበባ ነው ይዤ የሄድኩት፣ በወረቀት። መጀመሪያ ማፍረስ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ማልበስ፣ ከዚያ ምርጊት። ቆርቆሮው ግን በቀኑ አልደረሰም። 24 ሰው እጁን አጣምሮ ሲያይሽ ምን እንደሚሰማ ታውቂያለሽ?

እሷ፦ አውቃለሁ። የሆነ ነገር ማዘዝ ያምርሃል።

እሱ፦ በቃ እሱ ነው። አፈርና ጭድ ቀላቅለን ጭቃ ረገጥን። በዚያው ቀን "ምረጉ" አልኩ። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤት ከአጥሩ ወዲያ ቆመው "ልጄ፣ ጭቃው ገና አልቦካም" አሉኝ። ለካ ጭቃ ቀናት ይፈልጋል። ውሃ እየተጨመረበት፣ እየተረገጠ፣ ጭዱ እስኪላላ መቆየት አለበት። ያኔ ነው እንጨቱን የሚይዘው። ደግሞ በክረምት ጣራ ሳይከደን ምርጊት የለም። እኔ "አባባ፣ ያለን ቀን ትንሽ ነው" ብዬ አለፍኩ። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ስንደርስ ግማሹ ምርጊት ወርዶ መሬት ላይ ተከምሯል።

እሷ፦ ልጆቹ ምን አሉ?

እሱ፦ ምንም። ዝም። በኋላ የሰማሁት ግን ከዝናቡ በላይ አመመኝ። ከመካከላችን አንዲት የ2ኛ ዓመት ተማሪ ገጠር ነው ያደገችው። ጭቃ አቡክታ፣ ቤት መርጋ ታውቃለች። እንደማይሆን ገና ከጠዋቱ ገብቷታል። አጠገቧ ለነበረው ልጅ ነግራዋለች። ለእኔ አልነገረችኝም።

እሷ፦ ለምን?

እሱ፦ ጠየቅኳት። "አንተ እኮ ሐሳብ ያለው የምትለን ወስነህ ከጨረስክ በኋላ ነው" አለችኝ።

እሷ፦ እንዴት ያለ መልስ ነው! እኛ አገር ይሄ በጣም ይከብዳል። ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ አፉን አይከፍትም፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ስለዚህ አለቃው ቀድሞ ከተናገረ ስብሰባው እዚያው አለቀ።

እሱ፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማታውን ውይይት ገለበጥነው። የሚጀምሩት 1ኛ ዓመቶቹ ናቸው፣ እኔ መጨረሻ ላይ ነኝ። የግድግዳውን ሥራ ደግሞ ለእሷና ለእኚያ ጎረቤት አስረከብኩ። ሁሉም ባለበት "ተሳስቻለሁ፣ ከአሁን በኋላ በጭቃው የምታዘው እሷ ናት" አልኩ። እኔ ውሃ ቀጂ ሆንኩ።

እሷ፦ አልከበደህም?

እሱ፦ የመጀመሪያው ቀን ከበደኝ። ግን ጀሪካን ተሸክመሽ ስትመላለሺ ብዙ ነገር ይታይሻል። ማን እንደደከመው፣ የማን እጅ እንደተላጠ፣ ማን ምሳውን ለሌላ እንደሚሰጥ። ወረቀት ይዤ ስዞር አንዱንም አላየሁም ነበር።

እሷ፦ የእኔ ጉዞ በ2011 ነበር። ሐምሌ 22ን ታስታውሳለህ? በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ የተባለበት ዕለት። የአንድ ቡድን መሪ ነበርኩ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ ስንት ደረሳችሁ? እኔም እየዞርኩ ስንት ደረሳችሁ እላለሁ። አንዱ ችግኝ ዘመም ብሎ አየሁና ላቃናው ስይዘው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ከነላስቲኩ ነው የተተከለው።

እሱ፦ ከነላስቲኩ? ታዲያ ሥሩ የት ይሄዳል?

እሷ፦ የትም። ልጆቹ እኮ ሰነፎች አይደሉም። ቁጥር ጠየቅኳቸው፣ ቁጥር ሰጡኝ። አስቆምኳቸው። ረድፉን ከጫፍ ጀምረን እየነቀልን፣ ላስቲኩን እየቀደድን እንደገና ተከልን። ማታ ውጤት ሲነበብ የመጨረሻዎቹ እኛ ነበርን። በዚያ ውሳኔ እስከዛሬ እኮራለሁ።

እሱ፦ ትኩሪ እንጂ። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ብናልፍ ቅር ይለኛል። የቡናው ነገር። እማማ በየቀኑ ከሰዓት ቡና ያፈላሉ፣ ለ24 ሰው። ንፍሮ አለ፣ አንዳንዴም ዳቦ። እኛ ደስ ብሎን እንጠጣለን። ደቦ የጠራ ሰው ደቦኛውን ያበላል፣ ያጠጣል፤ ወጉ ነው። ቤታቸውን ሊሠራ የመጣን ሰው በባዶ አፍ አይሸኙም። በ6ኛው ቀን የልጅ ልጃቸው ለአንዱ ልጅ ነገረችው። ቡናው ከሱቅ በዱቤ ነው የሚመጣው።

እሷ፦ ወይኔ!

እሱ፦ ልንረዳቸው ሄደን ዕዳ ውስጥ ከተትናቸው። ወረቀቴ ላይ የሚስማሩ ኪሎ ሳይቀር ተጽፏል። ቡና የሚል ቃል ግን የለም።

እሷ፦ አንጠጣም ማለትም አይቻልም።

እሱ፦ እሱማ ይቀየማሉ። ብር ብንሰጣቸው ደግሞ አይነኩትም። አዋጥተን የሱቁን ዱቤ ዘጋን። ያቺው የ2ኛ ዓመት ተማሪ ቡናና ስኳር ይዛ ገባች። ሰው ቤት ቡና ይዞ መግባት ያለ ነገር ነውና መርቀው ተቀበሏት።

እሷ፦ አባቴ የ1967ቱ ዘማች ነበር። ያኔ እኮ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው በእድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ የተሰማሩት። ስለ ዘመቻው ሲያወራ ስለ ፊደል ማስቆጠሩ ብዙም አይነግረንም። ያሳደሩትንና ያበሉትን ሰዎች ነው አንድ በአንድ በስም የሚጠራው። አሁን ገባኝ። ቤቱስ? አለቀ?

እሱ፦ ጣራው ተከደነ። የመጀመሪያውን ምርጊት ስንጨርስ ቀናችን አለቀ። የቀረውን ጎረቤቶቹ ጨረሱት። ጥር ላይ ሦስት ሆነን ሄድን፣ ቡና ይዘን። እማማ ከበሩ ሳንገባ "ያቺ ጭቃ የምታውቀው ልጅ የታለች?" አሉ። ፈተና ስለነበረባት አልመጣችም። ደውዬ አገናኘኋቸው። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ስለወጣች አንዲት ስንጥቅ ካርዴ እስኪያልቅ ሲያወሩ ቆዩ።