ዋንጫውን ዳኛው ነጠቀን?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ስለ ኤንቢኤ፣ ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ስንከራከርበት የቆየነውን ነገር አንስቼ ትንሽ ላውራ።

ይሄ ቡድን ዘንድሮ ዋንጫ ይበላል አይበላም ብለን እንጀምራለን፣ ትንሽ ሳንቆይ ወሬው ዳኛ ላይ ያርፋል። አንዱ "ተዘርፈናል" ይላል፣ ሌላው "ሰበብ አታብዛ" ይላል፣ በቃ እዚያው እንቀራለን። እኔ ግን ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ ነው የምለው።

የሳክራሜንቶ ኪንግስን ነገር እንይ፣ እ.ኤ.አ. 2002። ክሪስ ዌበር፣ ቭላዴ ዲቫች፣ ማይክ ቢቢ፣ ፔጃ ስቶያኮቪች። በመደበኛው ሲዝን 61 ጨዋታ አሸንፈው ከሊጉ አንደኛ ወጥተዋል። ኳስ አንድ ሰው እጅ ላይ አይቆይም ነበር፣ ቅርጫት ስር የሚጫወተው ሴንተራቸው ዲቫች ራሱ ጨዋታውን እንደሚመራው ፖይንት ጋርድ ነበር የሚያቀብለው። የዚያን ዓመት ምርጡ ቡድን እነሱ ነበሩ፣ በዚህ አልደራደርም። ለዋንጫው ፍጻሜ በሚያሳልፈው የምዕራብ ኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት፣ የሻኪል ኦኒልንና (ሻክ) የኮቢ ብራያንትን ሌከርስ 3 ለ 2 እየመሩ ለስድስተኛው ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ገቡ። አንድ ድል ብቻ ቀርቷቸዋል።

በአራተኛው ኳርተር፣ በመጨረሻው ሩብ ብቻ፣ ሌከርስ 27 ፍሪ ትሮው፣ ከፋውል በኋላ ማንም ሳይከላከል የሚወረወረውን ማለት ነው፣ ወረወረ። በ12 ደቂቃ ውስጥ! ሻክን ሲይዙ የነበሩት ዲቫችና ስኮት ፖላርድ ሁለቱም የተፈቀደው ፋውል ሞልቶባቸው ከጨዋታው ወጡ። መጨረሻው ላይ ኮቢ የቢቢን ፊት በክርኑ መታው፣ ቢቢ ወደቀ፣ ፊሽካ አልተነፋም። 106 ለ 102 አለቀ። ነገሩ የሸማቾች መብት ተሟጋቹ ራልፍ ናደር ለሊጉ ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን የቅሬታ ደብዳቤ እስኪጽፍ ድረስ ነው የደረሰው።

ሴራ ነበር ወይ? ብዙ ሰው አዎ ይላል፣ በተለይ ቲም ዶናሂ የሚባለው ዳኛ በጨዋታ ላይ ሲወራረድ ተገኝቶ 15 ወር ከተፈረደበት በኋላ። ዶናሂ ግን ያንን ጨዋታ አልዳኘም፣ ስለ ሴራው የተወራውንም ሊጉ አስተባብሏል፣ የተረጋገጠ ነገርም የለም። እኔ ሴራ ነው አልልም። ግን አንድን ቡድን ለመበደል ሴራ አያስፈልግም፣ መጥፎ ዳኝነት ይበቃል። ያ ቀን መጥፎ ዳኝነት ነበር።

አሁን ደግሞ ሰባተኛው ጨዋታ። ሳክራሜንቶ፣ የራሳቸው ሜዳ፣ የራሳቸው ደጋፊ። ከ30 ፍሪ ትሮው 16 ብቻ አገቡ። ከሦስት ነጥብ ደግሞ ከ20 ውርወራ 2። በተጨማሪ ሰዓት 112 ለ 106 ተሸነፉ። አስቡት፣ በስድስት ነጥብ ነው የተሸነፉት፣ የሳቱት ፍሪ ትሮው ግን 14 ነው። ማንም ሳይነካቸው፣ ቆመው ነው የሳቱት። የኪንግስ ደጋፊ ይሄን ሲሰማ እንደሚያመው አውቃለሁ፣ ግን ስድስተኛውን እያነሱ ሰባተኛውን መዝለል አይቻልም።

ለዚህ ነው ስለ ዋንጫ ስጠየቅ መጀመሪያ የማየው ፊሽካ በማይነፋበት ምሽት ይሄ ቡድን ከየት ያገባል የሚለውን። ፕሌይኦፍ ላይ፣ ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ባለው የጥሎ ማለፍ ዙር፣ ንክኪው ይበዛል፣ ዳኞችም ብዙውን ያልፉታል። በመደበኛው ሲዝን ፋውል እያስነፋ ነጥቡን የሚሰበስብ ቡድን ግንቦት ላይ ግራ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ትልልቆቹ ልጆች ፋውል ሲበዛባቸው ከወንበር የሚነሳ ሰው አለ ወይ? እነዚህን ያልመለሰ ቡድን ዋንጫ ይበላል ብላችሁ አታሳምኑኝም።

ኢንዲያና ፔሰርስን አስታውሱ። በ2024 ፕሌይኦፍ በኒውዮርክ ኒክስ 2 ለ 0 ተመርተው ሳለ አሰልጣኙ ሪክ ካርላይል በአደባባይ አማረረ፣ ክለቡ ተበደልኩባቸው ያላቸውን 78 የዳኛ ውሳኔዎች ለሊጉ ሊልክ ነበር፣ እሱም 35,000 ዶላር ተቀጣ። ከዚያ ግን ሲሪሱን በሰባት ጨዋታ አሸነፉ፣ ሰባተኛውንም እዚያው ኒውዮርክ ላይ። በዓመቱ ደግሞ ፍጻሜ ደርሰው ኦክላሆማን እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ወሰዱት። ያማረሩትን አማረሩ፣ ኳሱንም ተጫወቱ።

ሊጉ ግን በዚህ ነፃ አይወጣም። ከ2015 ጀምሮ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ሪፖርት ያወጣል፣ ዳኛው የተሳሳተውን በማግስቱ ያምናል። ደስ ይላል፣ ግን ውጤቱ አይለወጥም፣ የሚመለከተውም የተቀራረቡ ጨዋታዎችን መጨረሻ ብቻ ነው። የ2002ቱ 27 ፍሪ ትሮው የተወረወረው በሙሉ ኳርተር ነው! ቢያንስ ለፕሌይኦፍ የሙሉ ጨዋታ ሪፖርት ይውጣ፣ ዳኛውም ከጨዋታው በኋላ ቀርቦ ለምን እንደነፋ በደንብ ያስረዳ። ደጋፊ ምክንያቱን ሲሰማ ባይስማማም ሴራ ፍለጋ አይሄድም።

ኪንግስ ፍጻሜ ቢደርሱ ኒው ጀርሲ ኔትስን ያሸንፉ ነበር? በደንብ! ሌከርስ እንኳን 4 ለ 0 ነው የጨረሳቸው። ኪንግስ ግን ከዚያ ወዲህ ኮንፈረንስ ፍጻሜ እንኳ ደርሰው አያውቁም። በሉ፣ የማትስማሙ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አሰማዋለሁ።