በጓዳ የተቀረጸ ማኅተም
(አራት ኪሎ በተካሄደ የኮምፒውተር ጠጋኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣

የተጋበዝኩት ስለ ሙያችን ዕድገት እንድናገር ነበር። ዕድገቱን ሌሎች ይናገሩት፤ እኔ የመጣሁት ልናዘዝ ነው።

አብዛኞቻችን እጃችንን ያፍታታነው ፒያሳ ነው፣ ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ። እዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት የነበራቸው አንዲት እናት በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተገዛ ስካነር ነበራቸው። ኤክስፒን ታስታውሱታላችሁ፤ የአምራቹ ማረጋገጫ የሌለው ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ሲያጋጥመው ያስጠነቅቅና «ለማንኛውም ቀጥል» የምትል ቁልፍ ያቀርብልን ነበር። ማስጠንቀቂያውን ማን አነበበው? ኋላ ኮምፒውተራቸውን ሲቀይሩ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ጫንኩላቸው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ዲጂታል ፊርማ የሌለውን ድራይቨር ወደ ከርነሉ፣ ወደ ዊንዶውስ እምብርት፣ አያስገባም፤ ልመናም አይሰማም። የስካነሩ ባለ 64 ቢት ድራይቨር ፊርማ ስላልነበረው ስካነሩ ዝም አለ።

ኤፍ ስምንትን ተጭኜ የፊርማ ቁጥጥሩን አጠፋሁት። ስካነሩ ሠራ፤ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ስካነሩ አልተመለሰም፤ ለካ ያ ማጥፊያ የሚያገለግለው ኮምፒውተሩ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው! የፒያሳን መብራት ለእናንተ አልነግርም። በጠፋ ቁጥር ይደወልልኛል። ሲሰለቸኝ ዊንዶውሱን በቤት የተሠራ ፊርማንም ወደሚቀበልበት የሙከራ ሁነታ አዞርኩና፣ ራሴ የሠራሁትን ፊርማ ድራይቨሩ ላይ መታሁበት። ከስክሪኑ ጥግ ስለ ሙከራ የሚናገር ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ልጄ፣ የምን ሙከራ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አይደል፣ እማማ» አልኳቸው።

ምንም አይደል! ክብ ማኅተም በጓዳው የሚቀርጽ ሰው በዚህ አገር ምን ይባላል? ያ ፊርማ የሚናገረው ሁለት ነገር ነው፦ ድራይቨሩን ማን እንዳወጣው፣ ከወጣ በኋላም አንዲት ፊደል እንዳልተነካችበት። ድራይቨር ደግሞ ደጅ የሚቀመጥ እንግዳ አይደለም፤ ከርነል ከገባ የማይከፍተው ሣጥን የለም። በእኚያ እናት ስካነር የሰፈሩ ሰው ሁሉ መታወቂያና ፓስፖርት ያልፍ ነበር። ያንን በር ከፍቼ የሄድኩት እኔ ነኝ!

«ፊርማስ ይሰረቅ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይሰረቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጋለጠው ስቱክስኔት የተባለው የኮምፒውተር ትል ከሪልቴክና ከጄማይክሮን ኩባንያዎች በተሰረቁ የፊርማ ቁልፎች ነበር ያለፈው። ሌባ ቁልፍ ሰረቀ ተብሎ በር ይነቀላል? (ጭብጨባውን አቆዩልኝ፤ ገና አልተቆጣሁም።)

አምራቾቹም ንጹሐን አይደሉም። ዊንዶውስ በተቀየረ ቁጥር ለደህናው ስካነር አዲስ ድራይቨር ፈርመው ከማውጣት ይልቅ «አዲስ ግዙ» ይሉናል፤ በእኛ ብር! ከዊንዶውስ 10 የ2016 (እ.ኤ.አ.) እትም ወዲህ ደግሞ አዲስ የከርነል ድራይቨር ማይክሮሶፍት ራሱ እንዲፈርምበት ስለሚፈለግ ነገሩ ይብስ ጠብቋል።

ግን አላሳብብም። ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ 7 ፊርማን ግድ አይልም ነበር፤ ያስጠነቅቃል እንጂ አይከለክልም። ያ ማሽን ሜሞሪው 2 ጊጋ ብቻ ነበር፤ 32 ቢቱ ይበቃው ነበር። ታዲያ 64 ቢት ለምን ጫንኩ? ዲቪዲው እጄ ላይ ስለነበር።

መግቢያው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ያሳተምኩት ደረሰኝ አለ። «የፊርማ ቁጥጥሩ ጠፍቷል፤ ለባለቤቱ ተነግሯል» የሚል መስመርና የባለቤቱ መፈረሚያ አለው። እየወሰዳችሁ ውጡ። የመጀመሪያውን ቅጠል ለእማማ ሞልቼዋለሁ፤ ሱቃቸው ከፈረሰ ወዲህ እዚሁ አራት ኪሎ ናቸው፤ ነገ ጠዋት አደርስላቸዋለሁ።