ስለ ስድስቱ የጁሪ ወንበሮች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ አብዛኞቻችን ሚኔሶታ ሳንገባ የተወሰነ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በቀላል ወንጀል የተከሰሰ ሰውም በ12 ሰዎች ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝቡ በዕጣ ተጠርተው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው በሚፈርዱ ሰዎች፣ የመዳኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት እንዳለው፣ 6 ሰዎች ብቻ ሊፈርዱበት እንደማይገባም ወሰነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን ግን ሕገ መንግሥቱን የሚያሻሽል ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ የ12 ሰዎች ጁሪ ዋስትና ያለው ለከባድ ወንጀል ክስ ብቻ ሲሆን፣ በሌሎቹ የወንጀል ክሶች ቁጥሩን ከ6 ሳያሳንስ እንዲወስን ሥልጣኑ ለሕግ አውጪው ተሰጠ፤ እርሱም 6ን መረጠ።

ለትንሽ ጁሪ የሚቀርበው ምክንያት ወጪና ጊዜ ነው። በሰዓት እየተከፈለው የሚያድር ሰው ለጁሪ ሲጠራ ምን እንደሚጎድልበት ስለማውቅ ምክንያቱን አልንቀውም። ነገር ግን ሕጉ «ቀላል» የሚለው ወንጀል እስከ 90 ቀን ያሳስራል፤ በግሪን ካርድ የሚኖር ወገናችን ደግሞ በቤት ውስጥ ጥቃት ቢፈረድበት፣ እስራቱን ጨርሶ ሲወጣ ከአገር የማስወጣት ክስ ሊጠብቀው ይችላል። ለእርሱ ይህ ከቶ ቀላል አይደለም።

ስሌቱንም እንመልከት። ከነዋሪው አንድ አሥረኛ የሆነ ማኅበረሰብ፣ ዕጣው ያለ አድልዎ ቢወጣ፣ 12 ሰዎች ከሚቀመጡባቸው 100 ችሎቶች በ72ቱ ያህል ቢያንስ አንድ ሰው ይኖረዋል፤ 6 ሰዎች ሲሆኑ ግን ቁጥሩ ወደ 47 ይወርዳል።

እኔ ከስድስቱ አንዱ ሆኜ ተቀምጬ አውቃለሁ። ለማስረጃ በቀረበልን ቪዲዮ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ የሆነው ተከሳሽ፣ ፖሊሱ በተናገረ ቁጥር «ኦኬ፣ ኦኬ» ይላል፤ ሁለት የጁሪ አባላትም ይህን ጥፋቱን እንዳመነ አድርገው ወሰዱት። እኔም በእኛ ዘንድ ሰው ባለሥልጣን ፊት «እሺ» የሚለው ብዙ ጊዜ መስማቱን ለማሳየት እንጂ ጥፋቱን ለማመን እንዳልሆነ አስረዳሁ፤ ቪዲዮውንም ደግመን አየነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ሊል የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።

ቁጥሩን ወደ 12 ለመመለስ አዲስ ሕዝበ ውሳኔ አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ ከ6 አይነስ አለ እንጂ ከ6 አይብለጥ ስላላለ፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት በተራ ሕግ ሊያሳድገው ይችላል። ለምክር ቤት አባሎቻችን የተጻፈው ደብዳቤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ አንብባችሁ ካመናችሁበት እንድትፈርሙ፣ ዜግነት የወሰዳችሁም የጁሪ ጥሪ ሲደርሳችሁ ፖስታውን ሳትከፍቱ እንዳትጥሉት በአክብሮት እጠይቃለሁ።